ሁሉም አይቶ ያጸደቀው ፖስተር

አንድ የፊልም ተማሪ ነበር፤ ምንተስኖት ይባላል። ፎቶሾፕ ላይ እጁ የተፍታታ፣ ዓይኑ ጥሩ ልጅ ነው። ችግሩ ይሉኝታው ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ከጠየቀው አለቀለት።

የክፍል ጓደኛው ኤልሻዳይ የመመረቂያ ፊልሟን ስትጨርስ ፖስተሩን እንዲሠራላት ጠየቀችው። ፊልሙ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስለተዋወቁ ሁለት ሰዎች ነው። ኮሌጁ አዳራሹን የሰጣት ለአንድ ከሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ፊልሙ ለዓመቱ መዝጊያ ፌስቲቫል የሚያልፈው ተመልካች ድምፅ ከሰጠው ነው። ሰው ካልመጣ ልፋቷ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ምንተስኖት አሳምሮ ሠራው። ዝናብ፣ ረጅም ሰልፍ፣ አንድ ጃንጥላ፤ ከላይ ርዕሱ፣ ከታች ቀኑና ቦታው። እኔ ብሆን እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን ዘግቼ እሄድ ነበር።

መጀመሪያ ዋናው ተዋናይ መጣ። «ወንድሜ፣ እንዲህ ከሩቅ ማን ያውቀኛል? ፊቴን ትንሽ አቅርበው» አለ። አቀረበው። ተዋናይቷም ሰማችና «የእሱ ከገባ የእኔስ?» አለች። የእሷም ገባ። ካሜራ የያዘውም ከነካሜራው ተጨመረ። በመጨረሻ ግቢያቸውን ለቀረጻ የፈቀዱት ጋሽ ተክለወልድ ብቅ አሉ። ፊልሙ ውስጥ በር ከፍተው ከመዝጋት በቀር ሥራ የላቸውም። «እኔን እንኳ ተወኝ ልጄ፣ አያስፈልግም» አሉት። ይህቺ «ተወኝ» ምን ማለት እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ምንተስኖት ከሁሉም አግዝፎ ከታች በኩል አስቀመጣቸው።

ከመታተሙ በፊት ለሁሉም በቴሌግራም ላከላቸው። «ምርጥ ነው!» «እሳት ነው!» አሉ። ኤልሻዳይም ስሟ ጎላ ብሎ መጻፉን አይታ ተደሰተች። ፖስተሩ ታትሞ በየቦታው ተለጠፈ።

ቀኑ ሲደርስ ከኤልሻዳይና ከምንተስኖት በቀር አዳራሹ ውስጥ የተገኙት ፖስተሩ ላይ ያሉት ሰዎች ብቻ ሆኑ። ኤልሻዳይ ደጅ ወጥታ ፖስተሩን አየችው። ቀኑና ቦታው የጋሽ ተክለወልድ ደረት ሥር ገብቶ ቀርቷል።

«ሁላችንም አይተነው አልነበር እንዴ?» አለ ተዋናዩ።

«እኔ ያየሁት ፀጉሬን ነው» አለች ተዋናይቷ። እውነቷን ነው።

ኤልሻዳይ ወደ ምንተስኖት ዞረች። «አንተ ባለሙያው፣ ቦታ እንደጠበበ እያወቅክ ለምን ዝም አልክ?»

«ማንም ቅር እንዳይለው ብዬ ነው።»

«ይኸው፣ አሁን ሁላችንንም በአንዴ ቅር አለን!»

ጋሽ ተክለወልድ ሳቃቸው አመለጣቸው። «የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣ ልግለጠው» ብለው መንገድ ላይ ወጡና እንደ ታክሲ ረዳት ይጣሩ ጀመር። «ፊልም! ፊልም! ገባ ገባ በሉ፣ በነጻ ነው!» ተዋናዮቹም ተከተሏቸው። መንገደኛው ፊታቸውን ከፖስተሩ ጋር እያስተያየ፣ እየሳቀ ገባ። አዳራሹ ጢም ባይልም የገባው ሁሉ አጨብጭቦ ድምፁን ሰጠ፤ ፊልሙም አለፈ።

ለፌስቲቫሉ አዲስ ፖስተር ሲሠራ ተዋናዩ «ፊቴን ትንሽ...» ብሎ ጀመረ። ምንተስኖት «አይሆንም» አለው። ተዋናዩ ቅር አለው፤ እስከ ምሳ ድረስ። ምሳ አብረው በሉ።

ወዳጆቼ፣ ይሉኝታ ከሩቅ ሲያዩት ጨዋነት ይመስላል። ነገር ግን አንድን ሰው ለግማሽ ቀን ላለማስቀየም ስንል የብዙዎችን ድካም ገደል እንከታለን። ሌሎቻችንም «እዩት» ሲሉን የምንፈልገው የራሳችንን ፊት ብቻ ነው። እስቲ በእጃችሁ ያለውን ሥራ ተመልከቱት፦ ማንን ላለማስቀየም ብላችሁ ምኑን ሸፈናችሁት?