ቲቪው እምቢ፣ ቦክሷም እምቢ

ተረት ልንገራችሁ ስል «ንገረን፣ መብራት ሳይጠፋ» በሉኝ። አላችሁ? በሉ እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። መሀል ላይ እየገባ «ከዚያስ? ከዚያስ?» የሚለኝ ሰው አልወድም፣ ከአሁኑ ልናገር።

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ፣ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሌላውም ቢሆን ነገሩ ትልቅና ቅርብ ካልሆነለት ሰውን ከምሰሶ አይለይም። ሴት ልጃቸው ትርንጎ የእግር ኳስ ዳኛ ናት። የዚያን እሁድ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመሀል ዳኛ ሆና ልታጫውት ነው። ጨዋታው ሀዋሳ ነው፤ የሚተላለፈውም በኢንተርኔት ብቻ። በስልክ እንዳያዩት፣ ስልክ ላይ ልጅቷ ከጤፍ ታንሳለች። እንግዲህ የጋሽ ወንድይፍራው ፍላጎት ይቺው ናት፤ ልጄ ፊሽካ ስትነፋ ልይ። ይቺ በዛች? አልበዛችም።

ደግነቱ ትርንጎ ራሷ የላከችላቸው ትልቅ ቲቪ አለ። ወንበራቸውን ፊቱ ላይ ደቅነው «አንተ ቲቪ፣ እስቲ ልጄን አሳየኝ» አሉት። ቲቪው «እምቢ፣ አላሳይም» አለ። «ጋሼ፣ እኔ መልክ እንጂ እውቀት የለኝም። ኢንተርኔት የሚባለውን በወሬ ነው የማውቀው። ኢንተርኔቱን የሚያቀብለኝ ቦክስ ያምጡልኝ።» ዓይን ልይ አለ፣ ቲቪው አላሳይም አለ።

ላይኛው ፎቅ ላይ ይታገሱ የሚባል ጎረቤት አለ፤ አዲስ ቦክስ ወጣ ከተባለ ሳይገዛ የማያድር ሰው ነው። ሲጠሩት ሦስት ቦክስ ታቅፎ ወረደና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ ጣት የምታክለው ቲቪው ጀርባ ትሰካለች፣ ቦታ አትይዝም። ግን ትግላለች፤ ስትግል ደግሞ ልክ ጎል ሊገባ ሲል ቀጥ ትላለች። ነጯ ምስሏ ጥርት ያለ ነው፣ የትርንጎን ላብ ሳይቀር ታሳይዎታለች። ግን ነገር ታበዛለች። ኢሜል አምጣ፣ ፓስወርድ አምጣ፣ አገርህ የት ነው ትላለች፤ ሲነግሯት ደግሞ አገርህን አላውቃትም ብላ ትዘጋለች። ጥቁሯ መልኳ እንደሚያዩት ነው፣ ስትሠራም እንደ ወፍጮ ታጓራለች። ግን የሰጧትን ሁሉ ትከፍታለች፣ ከየት መጣህ አትልም።»

«ጥቁሯ ትሁን» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «መልኩን ከልጄ አገኘዋለሁ።»

ጥቁሯ ተሰካች። ኢንተርኔቱም ከይታገሱ ስልክ መጣላት። «በይ ቦክሷ፣ ለቲቪው ክፈቺለት» አሏት። «እምቢ፣ አልከፍትም» አለች። «ገላዬን ይዩት፣ አንዲት ቁልፍ የለኝም። ሪሞቴ ካልጠራኝ ከእንቅልፌ አልነሳም።» እንግዲህ ቦክሷ ለቲቪው አልከፍትም አለች፣ ቲቪው ለዓይን አላሳይም አለ፣ ዓይን ልጄን ልይ እንዳለ ቀረ።

ሪሞቱን አነሱት። «አንተ ሪሞት፣ ቦክሷን ጥራት።» «እምቢ፣ አልጠራም» አለ ሪሞቱ፤ ድምፁ እንኳ የታመመ ሰው ድምፅ ነው። «በባዶ ሆዴ ልጥራ? ከሁለቱ የባትሪ ድንጋዮቼ አንዱ ካለቀ ቆይቷል። ይታገሱ በጥርሱ እየነከሰ ነው ሲያሠራኝ የከረመው።» ይታገሱ እንደማፈር አለና ድንጋዩን አውጥቶ እንደገና ነከሰው። ምንም የለም። የቲቪውም የትንሿ ቦክስም ሪሞት ድንጋያቸው ቀጭን ነው፣ አይሆንም። የነጯ ሪሞት በገመድ ነው ቻርጅ የሚደረገው፣ ጭራሽ ድንጋይ የለውም። ሱቅ ሮጦ ሄደ፤ ሱቁ ያለው ወፍራሙ ብቻ ነው። የሕንፃው ሰው ደግሞ ሠርግ ሄዷል፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ሪሞቱ ቦክሷን አልጠራም አለ፣ ቦክሷ ለቲቪው አልከፍትም አለች፣ ቲቪው ለዓይን አላሳይም አለ፣ ዓይን ልጄን ልይ እያለ ነው።

ሁለቱም ዝም ሲሉ፣ ከግድግዳው ማዶ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ተሰማ። የጎረቤታቸው የእትዬ አሰገደች የግድግዳ ሰዓት ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ታውቁት የለ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚባለው ከዚህ ቤት ነው። «እዚያ ውስጥ ልኩ የሆነ ድንጋይ አለ» አለ ይታገሱ። ጋሽ ወንድይፍራው አፋቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው «አንተ ድንጋይ፣ እባክህ ወጥተህ ወደ ሪሞቱ ግባ» አሉ። «እምቢ፣ አልወጣም» አለ ድንጋዩ። «እዚህ ሥራዬ ቀላል ነው፤ የሚነክሰኝም የለ። ሰዓቱ ካልለቀቀኝ ንቅንቅ አልልም።» ድንጋዩ አልወጣም አለ፣ ሪሞቱ ቦክሷን አልጠራም አለ፣ ቦክሷ ለቲቪው አልከፍትም አለች፣ ቲቪው ለዓይን አላሳይም አለ፣ ዓይን ደግሞ ተጨንቋል፤ ዘጠኝ ተኩል አልፏል።

«አንተ ሰዓት፣ ድንጋይህን ልቀቅልኝ» አሉ። ሰዓቱ ከማዶ «እምቢ፣ አልለቅም» አለ። «ባለቤት አለኝ ጋሼ። ከወንድማቸው ሞት ወዲህ በዚህ ቤት የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ዝም ካልኩ ምን ሊሰሙ ነው? እትዬ አሰገደች ካላዘዙኝ አልለቅም።» ሰዓቱ ድንጋዩን አልለቅም አለ፣ ድንጋዩ አልወጣም አለ፣ ሪሞቱ ቦክሷን አልጠራም አለ፣ ቦክሷ ለቲቪው አልከፍትም አለች፣ ቲቪው ለዓይን አላሳይም አለ፣ ዓይንም ልጄን ልይ አለ። እኔ ራሴ ደከመኝ፣ እሳቸው እንዴት አይደክማቸው።

«እንግዲህ ይሂዱና እትዬ አሰገደችን ይጠይቋቸዋ» አለ ይታገሱ።

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደጅ ቆሜ ለቲቪ ድንጋይ ስጡኝ ልበል? ነውር ነው» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። ተቀመጡ። ተነሱ። መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ «ልጄ ናት እኮ» ብለው ግድግዳ እየዳበሱ ሄደው አንኳኩ።

እትዬ አሰገደች ጥቁራቸውን እንደለበሱ ከፈቱ። ከግድግዳው ማዶ ሁሉን ሰምተዋል፤ ምን ፈለጉ ብለው እንኳ አልጠየቁም። «እምቢ፣ አላዝም» አሉ። እትዬ አሰገደች ሰዓቱን አላዝም አሉ፣ ሰዓቱ ድንጋዩን አልለቅም አለ፣ ድንጋዩ አልወጣም አለ፣ ሪሞቱ ቦክሷን አልጠራም አለ፣ ቦክሷ ለቲቪው አልከፍትም አለች፣ ቲቪው ለዓይን አላሳይም አለ፣ ዓይን በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ምን አስቀየምኩዎ እትዬ አሰገደች?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

«ያ ቲቪ ቤትዎ የገባ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ እንኳን ደስ አለዎት ብሎ መረቀ። እኔ እዚህ ተቀምጬ ሳቃችሁን ስሰማ ዋልኩ። በሬን ያንኳኳ የለም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቲቪውን ሲከፍቱ ድምፁን ያጠፉታል። እንዳልሰማብዎት ነው አይደል? የቲቪ ድምፅ ይሰረቃል እንዴ ጋሼ?»

ጋሽ ወንድይፍራው ክው አሉ። «ኧረ በስመ አብ። ጥቁር የለበሰን ሰው ለደስታ መጥራት ነውር መስሎኝ ነው የተውኩት። ድምፁንም ያጠፋሁት ለወንድምዎ ብዬ ነው፤ ጎረቤት እያዘነ ቲቪ ይጮሃል? በዓይኔ በደንብ አላይ፣ በጆሮዬ አልሰማ፣ ዝም ብዬ ነው ፊቱ ላይ ስቀመጥ የከረምኩት።»

«አርባው ካለፈ ቆየ» አሉ እትዬ አሰገደች። «ሰው ሁሉ እንዳልረብሻት እያለ ተወኝ። እኔ የሰው ድምፅ ናፍቆኝ ከሰዓት ጋር ተቀምጫለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መጥራት ነዋ። ይጥሩኝ፣ እመጣለሁ።»

«በሞቴ ይምጡ፤ ልጄን አብረን እንያት።»

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉና በርጩማ ላይ ወጥተው ሰዓቱን ራሳቸው አወረዱት።

በሉ አሁን ትንፋሽ ሳትወስዱ ተከተሉኝ። እትዬ አሰገደች አዘዙ፣ ሰዓቱ ለቀቀ፣ ድንጋዩ ወጣ፣ ሪሞቱ ጠራ፣ ቦክሷ እያጓራች ከፈተች፣ ቲቪው አሳየ፣ ዓይን አየ። ትርንጎ መሀል ሜዳ ላይ ቆማለች፤ ሰዓቷን አይታ ፊሽካዋን ነፋች። ጋሽ ወንድይፍራው አፍንጫቸው ቲቪውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። እትዬ አሰገደች «ድምፁን ጨምሩት» አሉ፣ ተጨመረ።

ከሠርግ የተመለሰው ጎረቤትም ድምፁን ሰምቶ ገባ፤ ቤቱ ሞላ። ጨዋታው እኩል ለእኩል እንዳለ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ አንዷ አጥቂ ጎሉ አጠገብ ወደቀች። ትርንጎ በእጇ «ተነሺ፣ ቀጥሉ» አለች። መቼም እኛ ዳኛ ሳንሰድብ ኳስ ማየት አንችልም። ከሁሉ ቀድመው እትዬ አሰገደች ከወንበራቸው ተነሱና «ዓይኗ ጠፍቷል እንዴ ይቺ ዳኛ?» አሉ።

እትዬ አሰገደች የማን ልጅ መሆኗ ትዝ አላቸው፤ የአባቷም ዓይን ትዝ አላቸው፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ይታገሱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጋሽ ወንድይፍራው ግን ፊታቸውን ከቲቪው ሳያነሱ «እውነታቸውን ነው፣ ፍፁም ቅጣት ምት ነበር» አሉ። «ተከላካይዋ በግራ እግሯ ነው የጠለፈቻት። ልጄ በዚያ በኩል ሰው ከልሏት አላየችም።» ከዚያ ወደ እነሱ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እኔ ግን አይቻለሁ» አሉ።

ተረቴ አለቀ። አሁን እናንተ አውሩ፣ እኔ እራቴን ልብላ።