የጥሩምባ ነፊው መንጋጋ

ስለ ጥርስ ማውራት ጥርስ ላለው ማስፈራራት፣ ለሌለው ማሽሟጠጥ ነውና አድማጭ ሁሉ አስቀድሞ ይቅር ይበል። ነገሩ ከባድ ባይሆን ኖሮ ባልተነሣ ነበር።

በአንድ ወቅት፣ በአንድ ከተማ ዳርቻ፣ ጋሽ መንበሩ የሚባሉ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰፈሩ ሰው መሞቱን የሚያምነው እሳቸው ሲነፉ ብቻ ነው። ነፊው ራሱ የሞተ እንደሆነ ደግሞ ያስታመመው ልጅ ይንፋለት ይላል ደንቡ። ከዚህ የሚበልጥ ክብር በሰፈሩ የለም።

አንድ ቀን የታች መንጋጋቸው አበጠ። ጥሩምባውን አንሥተው ቢሞክሩት ትንፋሹ በከንፈራቸው ጥግ ሾለከ። ደነገጡ፤ መልሰው ሰቀሉት።

ትልቋ ልጃቸው ስንዱ፣ «መንግሥት እያለ አባቴን ለነጋዴ አልሰጥም» ብላ ከመንግሥት ሆስፒታል በር ተሰለፈች። ጋቢዋን ለአባቷ አልብሳ እሷን ብርድ መታት። ሐኪሟ ጥርሱ መነቀል እንዳለበት፣ ተራው እስኪደርስ ግን እብጠቱን የሚያጎድል ክኒን እንዲውጡ ነገረቻቸው። ተራው የሚደርሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ስንዱ ክኒኑን ሰዓት ጠብቃ ታስውጣቸው ጀመር።

መካከለኛው አጥናፉ ይህን ሲሰማ ተንገበገበ። «አባቴን ወረፋ አይገድልብኝም» ብሎ ሞተር ብስክሌቱን ሸጠና ዓሣ በመስታወት ውስጥ ወደሚዋኝበት የግል ክሊኒክ ወሰዳቸው። እዚያ ያለው ሐኪም ይህን ጥርስ መንቀል ግፍ ነው፣ ሥሩ ይታከማል ብሎ ከፈተው፤ ሐሙስ እንጨርሰዋለን አለ። አጥናፉ የእኅቱን ክኒን ወረወረው። ነፃ መድኃኒት የሚያድነውም በነፃው ልክ ነው ባይ ነው። ሐሙስ ሲደርስ ስንዱ በቤቱ በር ላይ ቆመች፤ የሚነቀል ጥርስ አይነካካም ብላ አላሳልፍ አለች።

ትንሹ ቢተው ለማንም አልወገነም። አባቱን አጥሚት በማንኪያ እያጎረሰ ሲሰማቸው ቆየና፣ «አባት የጋራ ነው፤ በጠብ አይታከምም» ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ አንዱን ወገን ሰሙ፣ ሌላውን ሰሙ፣ ስለ ገዛ ጥርሶቻቸውም እያነሡ ብዙ ተጫወቱ፤ ለማግሥቱ ቀጠሩ።

እብጠቱ ወደ አንገት ወረደ። ጋሽ መንበሩ ዕድሜያቸውን በትንፋሽ የኖሩ ሰው ናቸውና የቀራቸውን መጠን አወቁት። ከአልጋቸው ቀና ብለው፣

«የትም ይሁን፤ ብቻ ዛሬ ይሁን» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ልባቸው ተነካ። አባት ማለት እንዲህ ነው፣ ለአንዱም አላደሉ ብለው አመሰገኗቸው። ነገሩንም ለእሑድ ቀጠሩት።

ቅዳሜ ሞቱ።

አሁን ሦስቱም ልጆች ጥሩምባውን ይዘው ይጓተታሉ። ስንዱ ክኒኔ ባይጣል ይድኑ ነበር ትላለች። አጥናፉ በሩ ባይዘጋብኝ ይላል። ቢተው እናንተ ስትጣሉ ያጎረስኩ እኔ ነኝ ይላል። ጥሩምባ ስላልተነፋ ድንኳን አልተተከለም፤ ጎረቤትም በአጥሩ ሲያልፍ፣ «ጋሽ መንበሩ እንዴት ዋሉ? ተሻላቸው?» ይላል።

እንግዲህ ፍረዱ፦ አባቱን ያስታመመው የትኛው ነው? ጥሩምባውስ ለማን ይገባል?

ስትከራከሩ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ወሬውንም ለሰው አታድርሱ። በሰፈሩ ደንብ ጋሽ መንበሩ ገና አልሞቱም።