የኬታኪ እንስራ

እንግዲህ ስሙኝ፤ ለእኔ የነገሩኝም ሰምተው ነው። ዘመኑን የሚያውቅ ሰው ሞቶ አልቋል፤ የእሷ ስም ግን አልሞተም። በህንድ አገር፣ በአንድ ወንዝ ዳር መንደር፣ ኬታኪ የምትባል ውሃ ቀጂ ነበረች።

አባቷ የቤተ መቅደሱ ጸሐፊ ነበርና በዘንባባ ቅጠል ላይ በብረት ወስፌ መጻፍ አስተምሯታል። ፊደል ታውቃለች፤ ሰው ፊት መናገር ግን አይሆንላትም። ስሟን ሲጠሯት እንኳ ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። ባሏ ሞቶ የቀረቻት ጁሂ የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች።

በዚያ መንደር ከበዓላት ሁሉ የሚበልጠው የጌታ መታጠቢያ ቀን ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን፣ ጌታ የሚሉትን፣ ከእንጨት የተቀረጸውን የአምላካቸውን ምስል ወደ አደባባይ አውጥተው በመቶ ስምንት እንስራ ውሃ ያጥቡታል። ውሃው ከአንድ ጉድጓድ ብቻ ይቀዳል። ቀጂዋ ትንፋሿ እንዳይነካው አፏን በጨርቅ ታስራለች። ታጥቦ ሲያበቃ ጌታን ብርድ መታው፣ አተኮሰው ይባላል። በሩ ይዘጋል። አሥራ አምስት ቀን ካህናቱ ብቻ ቅጠል ቀቅለው ያስታምሙታል። በየዓመቱ እንዲህ ነው።

አንድ ዓመት ድርቅ ሆነ፤ ወንዙም ደረቀ። ኬታኪ አፏን አሰረች፤ ቀዳች። መቶ ሰባቱን ሞልታ ሰጠች። መቶ ስምንተኛውን ስትቀዳ የጉድጓዱ ወለል ተፋቀ፤ ውሃው አለቀ። እሱን ተሸክማ በደጇ ስታልፍ፣ ከማለዳ ጀምሮ ትኩሳት የያዛት ጁሂ ከውስጥ ተጣራች።

«እማ፣ ውሃ።»

በቤቱ ጠብታ አልነበረም። ኬታኪ ጌታን አሰበች። ልጇን አየች። እንስራውን አዘነበለች። ጁሂ ጠጣች፤ የተረፈውን ግንባሯ ላይ አፈሰሰችላት። ከዚያ ጎሾች ከሚንከባለሉበት ኩሬ በጨርቅ አጥልላ ሞላችና ለካህኑ ለጋዳዳር ሰጠችው። እሱም በጌታ ራስ ላይ አፈሰሰው። እሷ አፏ እንደታሰረ ነበር። ዝም አለች።

ጌታም ታመመ፤ በሩም ተዘጋ። በየዓመቱ ይታመማል፤ ኬታኪ ግን ይህን ረሳች። «በእኔ የኩሬ ውሃ ነው» አለች በልቧ።

ጁሂ ተኝታ ትጠይቃት ነበር።

«እማ፣ ጌታም እንደኔ ይቃጠላል?»

«ይቃጠላል፣ ልጄ።»

«መራራውን ቅጠል ያጠጡታል?»

«ያጠጡታል።»

«ያለቅሳል?»

«እሱ ትልቅ ነው፤ አያለቅስም።»

«እኔም ትልቅ ነኝ» አለችና ቅጠሉን ጠጣች። «ማን ቀድሞ ይድናል?»

«እኩል ትድናላችሁ።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጁሂ ሞተች። በአሥራ አምስተኛው ቀን በሩ አልተከፈተም። ድንገት ዝናብ መጥቶ ምስሉ ከታጠበ በኋላ የተቀባው አዲስ ቀለም አልደርቅ ብሎ ነበርና ሦስት ቀን ዘገየ። ይህን ካህናቱ ያውቃሉ፤ ኬታኪ አታውቅም። ሦስቱንም ቀን በተዘጋው በር ፊት ተቀመጠች። ልትናገር ከጀለች፤ ሐፍረት ያዛት። ለልጇም አላለቀሰችም። «ቅጣቴ ነው፤ በቅጣት አይለቀስም» አለች።

ከዚያ ወዲያ በዓሉ በደረሰ ቁጥር ለካህኑ ልንገረው ብላ ትነሳለች። ደጁ ስትደርስ ፊቷን ታዞራለች። ቤቷ ተመልሳ ያንኑ ቃል በዘንባባ ቅጠል ትጽፍና ድንጋይ አስራ ጉድጓዱ ውስጥ ትጥለዋለች። ቀዳች፤ ጻፈች፤ ጣለች። ፀጉሯ ነጣ።

ሌላ ድርቅ መጣ። በበዓሉ ማለዳ፣ ኬታኪ እንስራዋን ይዛ ስትጠብቅ፣ ቢማ የሚባል ቀልደኛ ቆፋሪ ጉድጓዱን ሊጠርግ ወረደ። ከታች ሆኖ ጮኸ።

«ሰዎች! እኛ መሃይም ሆነን ስንቀር ጉድጓዳችን ተምሯል!»

ቅጠሎቹን በቅርጫት ላካቸው። ሰው ሳቀ። ጋዳዳር አርጅቶ ዓይኑ ፈዞ ነበርና፣ «ፊደል የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አንብቢልን፣ ኬታኪ» አላት።

ቅጠሉን ያዘች። ጸሎት ነው ብትል ማን ያውቅባታል? ማንም። አፏ ለመቅዳት እንደታሰረ ነበር። ጨርቁን ፈታችው። አነበበች።

«ለጌታ የኩሬ ውሃ የሰጠሁት እኔ ኬታኪ ነኝ። ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ልጄንም ያጣሁት በዚሁ ነው።»

ሁለተኛውን አነሳች፤ ያው ቃል ነው። ሦስተኛውን አነሳች፤ ያው ነው። የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ጋዳዳር ድምጿን ተከትሎ በዳበሳ መጣ።

«ይህን በሆድሽ ከያዝሽ ስንት ዓመት ሆነ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ምነው ልጄ! ጌታ እኮ በየዓመቱ ይታመማል። ያን ዓመት ከልጅሽ ጋር ታመመ እንጂ በአንቺ አልታመመም። በሩም የዘገየው ቀለሙ አልደርቅ ብሎን ነው። ብትጠይቂኝ በአንድ ቃል እነግርሽ ነበር።»

በአንድ ቃል። ኬታኪ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለች። ልጇን ያለቀሰቻት ያን ቀን ነው።

እስከ ዛሬ በዚያ መንደር ጌታን የሚያጥቡት በመቶ ሰባት እንስራ ነው። መቶ ስምንተኛው ትኩሳት የያዘው ልጅ ወዳለበት ቤት ይሄዳል። ተሸካሚዋም አፏን አታስርም፤ የጁሂን ስም እየጠራች ትሄዳለች። ነገር በሆዱ ይዞ የሚብሰለሰል ሰው ሲያዩም እንዲህ ይሉታል፤ «ለሰው ንገረው፤ ጉድጓድ አታስተምር።»