«አስቸኳይ» ብላ የጻፈችው ሴት

አንድ የከብት ሐኪም ነበረ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ከብት አርቢዎች በኢሜይል ይጠይቁት፣ እሱም ከቤቱ ሆኖ ይመልስላቸው ነበር፤ በዚህም የብዙ ሰው በረት ከሞት ተርፏል። የሚሠራበት ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጭኖበት እንደ ልቡ ያዘዋል።

ስሙ ሲታወቅ ግን መልእክቱ እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርድበት ጀመር። ዕጣ ወጥቶልሃል የሚለው፣ ርስት ላውርስህ የሚለው፣ ታምሜአለሁና ድረስልኝ ብሎ ኋላ አታላይ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው። እውነተኛውን ጥያቄ ከእብቁ መካከል ሲፈልግ ይውላል። በተለይ «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል ጠላው፤ አታላዮቹ ሁሉ በእሱ ይጀምራሉና።

አንድ ቀን መረረውና ለኮምፒውተሩ መመሪያ ጻፈለት። ከማላውቀው ሰው የመጣ፣ ርዕሱም «አስቸኳይ» የሚል ከሆነ፣ ሳታሳየኝ ጣለው አለ። ኮምፒውተር የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ ለምን ብሎ አይጠይቅም። በማግስቱ የመልእክት ሳጥኑ ጸጥ አለ። ሐኪሙም ምነው ቀደም ብዬ ባደረግሁት ብሎ ተደሰተ።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ የድሮ ባልደረባው ደወለለት። ላም የምታረባ አንዲት ሴት ደጋግማ ብትጽፍልህ ዝም አልካት፣ ድሃ ብሆን ናቀኝ ብላ አዝናብሃለች አለው።

ሐኪሙ ክው አለ። ወደ ተጣለው ክምር ገብቶ ይፈልግ ጀመር። ደግነቱ ኮምፒውተሩ የጣለውን ገና ፈጽሞ አላጠፋውም ነበር። ከዕጣውና ከርስቱ ሥር «አስቸኳይ» የሚል ርዕስ ያለው የሴትዮዋ መልእክት ተገኘ። ለከብቶቿ የምትመግበውን ፋጉሎ ከቀየረች ወዲህ ላሞቿ እየተንገዳገዱ እንደሚወድቁ፣ አንዷም እንደሞተችባት ጽፋለች። የፋጉሎውን ፎቶ ቢያየው ሻግቷል።

ወዲያው ከመልእክቱ ግርጌ በተጻፈው ስልክ ደወለ።

«እመቤት፣ ፋጉሎውን አሁኑኑ ከፊታቸው ያንሱት። እፍኝ ታህል እንዳይቀምሱ» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በጭንቅ አሳለፈው። የሞተችው አትመለስም፤ የቀሩትስ? በመጨረሻ ሴትዮዋ ራሷ ደወለች።

«ዶክተር፣ ቀይዋ ላሜ ተነሥታ ታመሰኳለች። ሌሎቹም ውኃ ጠጡ» አለችው።

ሐኪሙ ስልኩን ዘግቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ፤ በረጅሙም ተነፈሰ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። መመሪያውን አልሰረዘውም፤ ቢሰርዘው ጎርፉ ይመለሳልና። «ጣለው» የሚለውን ብቻ አጥፍቶ «ለብቻው አስቀምጠው» ብሎ ጻፈበት። ከዚያን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ያንን ክምር በዓይኑ ቃኘት ያደርገዋል። አብዛኛው እብቅ ነው፤ አይቶ በገዛ እጁ ይጥለዋል። ቀኑን ሙሉም ልቡ ሳይከፈል ይሠራል።

አንቺም ልጄ፣ ተታለሽ ተታለሽ ሲመርርሽ፣ «ከእንግዲህ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ጆሮዬን ብዘጋ ይፈረድብኛል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መለየት ኃጢአት አይደለም። ያ ሐኪም ሁሉን ልስማ ቢል ኖሮ አንዱንም ባልሰማ ነበር። ነገር ግን አታላዩም ችግረኛውም የሚጮኹት በአንድ ቃል ነው፤ ቃሉን ብቻ ሰምተሽ አትፍረጂ። ያልገባሽን ለብቻው አኑሪው፤ ረጋ ስትዪ ደግሞ ተመልከቺው። በርሽን ገርበብ አድርጊው እንጂ አትቀርቅሪው። ያን ጊዜ አንቺም ታርፊያለሽ፣ የሚያንኳኳው ችግረኛም አያመልጥሽም።