ከል የለበሰችው ደመና

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ደመና ሁሉ ነጭ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች የአንጓችን ደጅ አንኳኩ።

አንጓች በተራራ ጫፍ የምትኖር ፈታይ ነበረች፤ ባሏ ደምለው ደግሞ ቀልድ የማያልቅበት ሸማኔ። ከባዘቶዋ የተረፈውን ደጅ ቆማ እፍ ስትለው ወደ ሰማይ ይወጣና ደመና ይሆናል። ልጅ አልወለዱም፤ እማዬ፣ አባዬ የሚሏቸው ደመናዎቹ ነበሩ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ አንጓች» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ደምለው ጥጥ ሊያመጣ ቆላ እንደወረደ ንዳድ ያዘው። እዚያው ቀበሩት።»

«ማን አለቀሰለት?»

መሬት መሬት አዩ። «ለአገሩ እንግዳ አይደል? ማንም።»

አንጓች እንባ እምቢ አላት። በጋን ጥቁር ማቅለሚያ በጥብጣ ነጠላዋን ነከረችና ከል ለበሰች። ገደሉን እንዳትወርድ ጉልበቷ አይችልም። ስለዚህ ወደ ሰማይ ተጣራች፦

«ልጆቼ፣ አባታችሁ ያለ አልቃሽ ተቀብሯል። ከል ለብሶ የሚያለቅስለት ማነው?»

ትልቋ ደመና ኩሩ ነበረች። «ውይ እማዬ! ይህን ንጣቴን ላበላሽ?» ብላ ከፍ ከፍ አለች። ዛሬም እዚያው ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፤ የሚጠብቃት ገበሬ ግን የለም።

መካከለኛዋ ብልጣብልጥ ነበረች። «እኔ አለሁልሽ!» አለችና፣ ከል ስለሚከብድ ከምድጃ አመድ ዘግና ፊቷን አሸች። ቆላ ወርዳ ጮኸች፣ አጓራች፣ ደረቷን ደቃች። ጠብታ እንኳ አልወጣትም።

«ኧረ እማዬ፣ አልቅሼ አልቅሼ ድምፄ ተዘጋ!» እያለች ተመለሰች።

አንጓች ጫፏን ዳሰሰች። «ልጄ፣ ያለቀሰ ሰው የልብሱ ጫፍ ይረጥባል። ያንቺ ደረቅ ነው።» አመዱም እጇ ላይ ቀረ።

ደመናዋ በሐፍረት ቀላች። እስካሁንም፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በእናቷ ደጅ ባለፈች ቁጥር ትቀላለች።

ትንሿ ደመና ደምለው በሄደበት ጠዋት እፍ የተባለች ነበረች። ጋኑ ውስጥ ገብታ ተነከረች። ጠቆረች፣ ከበደች፣ ዝቅ አለች። ገደሉን እየዳበሰች ወርዳ አዲሱን መቃብር አገኘችው። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ አለቀሰች፤ ከሉ ከላይዋ ታጥቦ እስኪያልቅ ክረምቱን ሙሉ አለቀሰች።

በመስከረም ነጭ ሆና፣ ቀልላ ተመለሰች። አንጓች አቀፈቻት። ርጥብ አፈር ርጥብ አፈር ትሸታለች።

«በኪሱ የቀረው የጥጥ ፍሬ በቅሏል እማዬ» አለች ትንሿ። «መቃብሩ ጥጥ አብቧል።»

ያኔ የአንጓች እንባ መጣ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሰው ሐዘን ከልብ የተጋራ ይከብደዋል፤ ግን ነጽቶ ይመለሳል። አመድ የተቀባ ግን ይታወቅበታል። እናንተም ጥቁር ደመና ስታዩ ሮጣችሁ ቤት አትግቡ። ወደ ቆላ እየወረደች ነውና ጥቂት ቆማችሁ፣ «የደምለውን ነፍስ ይማር» በሉልኝ።