ቢሬት እንግዳዋን የወሰደችበት መንገድ

አንድ ሩቅ የሰሜን አገር ነበረ። በብርዱ ወራት ፀሐይ ለሁለት ወር አትወጣም፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ለሁለት ወር አትጠልቅም። ሰዎቹ የሚያረቡት አጋዘን ነው። ጋሪያቸው ጎማ የለውም፤ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

በዚያ አገር ቢሬት የምትባል መንገድ መሪ ሴት ትኖር ነበር። የትኛው በበረዶ የደነደነ ሐይቅ ሰውና ጋሪ እንደሚሸከም፣ የትኛው እንደሚከዳ ከእግሯ ስር ከሚሰማው ድምፅ ትለያለች። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ መርታ ሳታደርሰው የቀረ መንገደኛ አልነበረም። ይህን ስትናገር አንገቷን አትደፋም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

አንድ ዓመት ክፉ ነገር መጣ። ብርዱ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ያለ ወጉ ዝናብ ዘነበ። ዝናቡ በበረዶው ላይ እንዳረፈ እንደ ድንጋይ ደነደነ፤ አጋዘኖቹም በሰኮናቸው ቆፍረው ከስር ያለውን ግጦሽ ማግኘት አቃታቸው። ከመንጋው ሲሶው አለቀ። ወሬው ደቡብ ለሚኖረው ንጉሥ ደረሰ። ንጉሡ ደግ ሰው ስለነበር በጣም አዘነ። “እህል በሚበቅልበት ሸለቆ ቤትና መሬት እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ በረዶ ይውጡልኝ” አለና አማካሪውን ላከ። አማካሪው አስቀድሞ አገሩን ዞሮ እንዲያይ፣ ከዚያም ፀሐይ በምትመለስበት ቀን ለተሰበሰበው ሕዝብ የንጉሡን ቃል እንዲያቀርብ ታዘዘ። መሄድም መቅረትም የሕዝቡ ፈንታ ነው። ሆኖም ግማሹ ከሄደ የቀረው ሰው መንጋውን መጠበቅ እንደማይችል፣ ያን ጊዜ አገሩ ባዶ እንደሚቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

እንግዳውን እንድታዞር የተመረጠችው ቢሬት ናት። የመንደሩ ሽማግሌ ኒላስ ለብቻዋ ጠራት።

“ልጄ፣ ሰውየውን አጋዘኖቹ በወደቁበት ሸለቆ በኩል ውሰጂው። መጀመሪያ ሬሳውን ይይ። አንጀቱ ከተላወሰ ንጉሡ የሚሰጠን ይበዛል።”

“አባባ፣ የወደቁትን አልደብቅም። ግን ከእነሱ አልጀምርም።”

“ለምን?”

“ቤቴ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው አመዱን ነው እንዴ?”

ሽማግሌው ተቆጣ። “እንግዲያው ኩራትሽን ለአጋዘኖቹ መኖ አድርጊላቸዋ!” አላት። ቢሬት ተነስታ ወጣች። ቃሉ ግን ውስጧ ገብቶ ሲቆረቁራት ሰነበተ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ምናልባት እኔ በኩራቴ የሰዉን እንጀራ እያበላሸሁ ይሆናል ብላ ተጨነቀች። ተጨንቃም ቢሆን አጋዘኖቿን ጠምዳ ጋሪውን በመረጠችው መንገድ ነዳችው።

አማካሪው በሦስት ካፖርት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ገና ከመንደሩ ሳይወጡ በበረዶ የተሸፈኑትን ዝቅተኛ ቤቶች እያየ ከንፈሩን ይመጥ ጀመር። አሮጊት እንጨት ተሸክማ ሲያይ ከንፈሩን ይመጣል። ጢሙ ላይ በረዶ የጋገረ ዓሣ አጥማጅ ሲያይ ከንፈሩን ይመጣል። “ወይ ጉድ፣ እንዴት ነው የምትችሉት?” ይላታል። ቢሬት ብርዱን ታውቀዋለች፤ የሚያማት ይህ የከንፈር መምጠጥ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር አቆመች። ፀሐይ የለችም፤ በደቡብ በኩል ያለው የሰማይ ጠርዝ ግን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀልቶ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ሐምራዊ፣ ወደ ላይ ደግሞ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ምድሩ ሁሉ ያንን ቀለም ተቀብሎ ያበራል። ነፋስ የለም። አማካሪው የራሱን ልብ ምት ሰማ።

“ጨለማ ነው ብለውኝ ነበርኮ” አለ።

“ማን ነው ያለዎት?”

“ሁሉም።”

“እነሱ መጥተው ያውቃሉ?”

ቢሬት ከጋሪው አውርዳ በሐይቁ ላይ በሆዱ አስተኛችውና የበረዶውን ፊት በእጅጌዋ ጠረገችለት። በረዶው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። ከስሩ ዓሦች እየተጠማዘዙ ሲያልፉ ታዩት። አማካሪው ግንባሩን በረዶው ላይ አስደግፎ፣ ብርዱን ረስቶ ቆየ። ሲነሳ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ነበር፤ እየሳቀም ነበር። ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ በእኛ አገር ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት፣ ሰማዩ ላይ አረንጓዴ ብርሃን ተዘርግቶ እንደ መጋረጃ ይወዛወዝ ጀመር።

በማግስቱ ማዕበል ተነሳ። በረዶው ከሰማይ ይወርድ፣ ከምድርም ይነሳ ጀመር፤ የፊተኛው አጋዘን ቀንድ እንኳ አይታይም። ቢሬት ጋሪውን በጎኑ ገለበጠችና በረዶውን ቆፍራ ሁለት ሰው የሚይዝ ጉድጓድ ሠራች፤ በላዩ ላይ ቆዳ ዘረጋች።

“ምን ማድረግሽ ነው?” አለ አማካሪው በድንጋጤ። “እንሂድ እንጂ! እዚህ ተቀምጠን ልንሞት ነው?”

“ከሄድን ነው የምንሞተው። ይግቡ፣ ጌታዬ።”

“እኔ የንጉሥ መልእክተኛ ነኝ! ንጂው ብያለሁ!”

“በንጉሡ አዳራሽ እርስዎ ያዛሉ። እዚህ እኔ አዛለሁ። ይግቡ!”

ገባ። ማዕበሉ አንድ ሙሉ ቀንና ከዚያም በላይ ጮኸ። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ይሞቅ ነበር። ደረቅ ሥጋ እየቆረጠች ሰጠችው፤ እግሩ እንዳይደነዝዝ ጫማውን አውልቃ በአጋዘን ቆዳ ጠቀለለችው። ፍርሃቱ ሲበርድለት አማካሪው ሲያመላልሰው የነበረውን ጥያቄ አወጣው።

“ባልሽ በዚሁ በረዶ ሞተ አሉኝ። እውነት ነው?”

“እውነት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ብቻውን ሐይቅ ሲሻገር ሰመጠ።”

“ታዲያ ይህን ምድር እንዴት ትወጂዋለሽ?”

“ያኔ ጠልቼው ነበር” አለች ቢሬት። “ጓዜን ጠቅልዬ ወደ እናንተ ከተማ ወረድኩ። አንድ ዓመት ኖርኩ። ሰዉ አልከፋብኝም። ግን የትም ብሄድ መንገዱ የተጠረገ ነው፤ ወዴት ነሽ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፤ ደህና ደረሰች አልደረሰች ብሎ የሚጨነቅ የለም። እዚህ አንድ ሰው ከዘገየ መንደሩ በሙሉ መብራት ይዞ ደጅ ይቆማል። ባሌ የሞተው በዚህ ምድር ነው፤ ሠላሳ ዓመት የኖረውም፣ እኔን ያገባውም በዚሁ ነው። የኖረበትን ትቼ የሞተበትን ብቻ እንዴት ልያዝ?”

አማካሪው ከንፈሩን ሊመጥ አፉን ከፈተና ተወው።

ማዕበሉ ሲያባራ ቢሬት ቆዳውን ገፍታ ወጣች። አጋዘኖቹ በረዶ ተከምሮባቸው እንደ ጉብታ ተኝተው ነበር። ስትጠራቸው አንድ በአንድ እየተነሱ ጀርባቸውን አራገፉ፤ በረዶውም በጨረቃዋ ብርሃን እንደ ዱቄት ተበተነ። ከጉድጓዱ ውስጥ የአማካሪው ድምፅ መጣ።

“እናቴ፣ እባክዎ እጅዎን ይስጡኝ።”

እስከዚያች ሰዓት “አንቺ” ሲላት ነበር። ቢሬት ልዩነቱን ሰምታለች፤ እጇን ዘርግታ አወጣችው።

በአራተኛው ቀን አጋዘኖቹ ወደ ወደቁበት ሸለቆ ወሰደችው። ምንም አልሸፈነችበትም። ሬሳዎቹ በበረዶው ላይ እንደተኙ ነበሩ፤ አንዳንዶቹን በስማቸው ጠራችለት። እሷም አለቀሰች። አማካሪው ቆቡን አውልቆ ቆመ። ከዚያ ኮረብታውን ተሻገሩና ማዶውን አሳየችው። የተረፈው መንጋ፣ እንደ ጫካ ቀንዱን አቁሟል፤ ትንፋሹም እንደ ደመና ከላዩ ላይ ቆሟል።

“እነዚህ እንዴት ተረፉ?”

“አርባ ቀን ሙሉ በመጥረቢያ በረዶ ሰበርንላቸው። ቤት የቀረ ሰው የለም። አባባ ኒላስ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ከፊት ሆነው ሲሰብሩ ብርዱ ሁለት ጣታቸውን ወሰደባቸው።”

“ሽማግሌው ይህን አልነገሩኝም። የነገሩኝ ስለሞቱት ብቻ ነው።”

“እሳቸው ያፍሩበታል። እኔ እኮራበታለሁ።”

ፀሐይ የምትመለስበት ቀን ደረሰ። ሕዝቡ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያዋ የፀሐይ ጠርዝ፣ ጥፍር የምታህል፣ ከተራራው ጫፍ ብቅ አለች። ሰዉ ሁሉ ቆቡን አወለቀ። እናቶች የሕፃናቱን ፊት ወደ ብርሃኑ አዞሩ። ፀሐይዋ ጥቂት ቆይታ ተመልሳ ገባች፤ በዚያች ቅጽበት የሁሉም ፊት ወርቅ መስሎ ነበር። አማካሪው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ የምትወጣለትን ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ መሰለው።

ከዚያ ተነስቶ የንጉሡን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ አነበበ። ጨርሶም ወረቀቱን አጠፈ። “ይህ የንጉሡ ቃል ነው። አሁን የራሴን ልናገር” አለ። “የመጣሁት የተጎዳ ሕዝብ ላወጣ ነበር። መከራችሁን አይቻለሁ፤ አላቃልለውም። ነገር ግን በንጉሡ አዳራሽ እንደ እናንተ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አላየሁም።” ወደ ኒላስም ሄዶ፣ “አባቴ፣ እጅዎን ያሳዩኝ” አለው። ሽማግሌው እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። በመጨረሻ ኒላስ ጓንቱን አወለቀ። አማካሪው ጎንበስ ብሎ ጣት የጎደለውን እጅ ሳመ።

ኒላስ ቢሬትን በዓይኑ ፈለጋት። “ልጄ፣ መንገዱን በትክክል መርጠሻል” አለ፤ ቀጥሎም ለሕዝቡ፣ “እኔ አልሄድም” አለ። ከእሱ በኋላ አንድ በአንድ፣ “እኔም አልሄድም” የሚለው ድምፅ ኮረብታውን ዞረ።

ሦስት ቤተሰቦች ግን ለመሄድ ቆረጡ። ከእነሱ አንዱ ደረቱ የታመመ ሕፃን ነበረው። አንዳንዱ ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ቢሬት አቋረጠችው። “ሕፃኑ መተንፈስ አለበት። እነዚህም የእኛ ናቸው፤ የማደርሳቸውም እኔ ነኝ” አለች። አደረሰቻቸውም።

አማካሪው ሊመለስ ሲል፣ “ለንጉሡ ምን ልበል?” ብሎ ጠየቃት።

“ወዳጃችን መሆን ከፈለገ ለክፉ ዓመት የሚሆን ድርቆሽ ይላክልን። እኛ ደግሞ የእሱን መንገደኞች በረዶውን እናሻግራለን።”

ንጉሡ በዚህ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገደኛ ወደ ሰሜን ወጣ። በሦስተኛው ዓመት አማካሪው ራሱ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሚስቱን ይዞ መጣ። ቢሬት ጋሪዋን አዘጋጅታ፣ “ጌታዬ፣ ዘንድሮ ምን ሊመረምሩ መጡ?” አለችው።

“ምንም” አላት። “ብርዱ ናፈቀኝ።”

ወዳጆቼ፣ ቢሬት የሞቱትን አልካደችም፤ እንባዋንም አልደበቀችም። ችግሩን በቦታው አሳየች፤ ከችግሩ በፊት ግን ሕዝቧ ማን እንደሆነ አሳየች። በዚህ ምክንያት እንግዳው ለመመጽወት መጥቶ ለመወዳጀት ተመለሰ። ስለ ራሳችን ጉድለት ብቻ የምንናገር ከሆነ ሰው የሚያውቀን በጉድለታችን ይሆናል፤ ቆይቶም እኛው ራሳችን ሌላ ምንም እንደሌለን እናምናለን። ራሱን አክብሮ ያሳየ ሰው ግን እርዳታ ቢቀበልም ሰጪውን ቀና ብሎ ያያል።

አገራችሁን፣ ሰፈራችሁን ወይም የገዛ ሕይወታችሁን ለማያውቅ ሰው ስታሳዩ ከየት ነው የምትጀምሩት?