ከጎሽ ቀንድ የተሠራችው መወርወሪያ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ቆይ ዘርይሁን፣ አታቋርጠኝ፤ የጠየቅኸኝን ነው የምመልስልህ። «እትዬ፣ አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ዘገየ፤ እስኪመጣ ልጠብቅ ወይስ ሱቅ ያለውን ልግዛ?» አላልከኝም? እኔ ካርድ ስትል መጀመሪያ የሐኪም ቤት መስሎኝ ነበር። ኮምፒዩተርህ ውስጥ ገብቶ የሠርጉን ፊልም ቶሎ የሚያሠራህ ዕቃ ነው ብለህ አስረዳኸኝ፤ ገባኝ። አሁን ስማ።

አንድ ሸማኔ ነበረ፣ እጁ የተመሰገነ። ከሱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሌላ ሸማኔ ነበረ። ሁለቱም በሰላም ይኖሩ ነበር፤ ጎረቤትየው ሩቅ አገር ያለ ጠራቢ የሠራለትን የወይራ መወርወሪያ ይዞ እስኪመጣ ድረስ። መወርወሪያ ታውቃለህ? ማጉን ይዛ በድሩ መሃል ወዲያና ወዲህ የምትሮጥ፣ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ናት። ጎረቤትየው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር ከኪሱ እያወጣ ለሰው አሳየ። ሰው ሁሉ ዳሰሳት። ሸማኔውም ዳሰሳት፤ ለስላሳ ነበረች። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቱ ዕቃ ጧ፣ ጧ ሲል ይሰማዋል። ድሮም ይል ነበር። አሁን ግን እያንዳንዷ ጧ «በለጥኩህ» የምትለው መሰለው።

ወደዚያው ጠራቢ ላከ። «ለእሱ በወይራ ከሠራህ ለእኔ በጎሽ ቀንድ ሥራልኝ። ከሱ ካልበለጠች አልፈልጋትም» አለ። ጠራቢው ለጥቅምት አለ። ጥቅምት ሲደርስ ለኅዳር አለ። ደግሞ ቀንዱ አልደረቀም አለ። ሸማኔው ያቺን ደህናዋን፣ ምንም ያልሆነችውን የራሱን መወርወሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ። «በዚች ብሠራ ከሱ አነስኩ» ይላል። ማንም እንደዚያ አላለውም፤ ራሱ ነው ያለው።

አንዲት እናት ለልጇ የሠርግ ቀሚስ የሚሆን ፈትል ሁለት ዓመት ፈትላ ሰጥታዋለች። ሠርጉ ለጥር ነው።

«የኔ ጌታ፣ ቀሚሱ ከምን ደረሰ?» ብላ መጣች።

«ዕቃ እየመጣልኝ ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ።»

ደግማ መጣች። ታገሺኝ አላት። ሦስተኛ ስትመጣ ድሩ እንኳ አልተደራም። አልጮኸችም። ፈትሉ ያለበትን እንቅብ ከጥግ አነሣችና ራሷ ላይ አደረገች። «አንተ ዕቃህን ጠብቅ፤ ልጄ ግን ራቁቷን አትዳርም» ብላው ወጣች።

ወጥታ የት ገባች? ጎረቤት ነዋ! በማግስቱ ከግድግዳው ማዶ ጧ፣ ጧ አለ። የሚሸመነው በገዛ ቤቱ ጥግ የከረመው ፈትል መሆኑን ያውቃል። ጆሮውን በጋቢው ጠቀለለ፤ በጋቢውም ውስጥ ተሰማው።

መወርወሪያዋ ሠርጉ ካለፈ በኋላ መጣች። ምን ልዋሽህ፣ ታምር ነበረች፤ ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የምታበራ። የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ሊወረውራት ቢል ፈትል የለም። ብድግ ብሎ ጎረቤቱ ዘንድ ሄደ፤ አይቶ እንዲንገበገብለት።

ጎረቤትየው በሁለት እጁ ተቀበላት፣ አገላበጣት። «ወንድሜ፣ ይቺማ ከኔዋ እጅግ ትበልጣለች!» አለ። ሸማኔው ከስንት ወር በኋላ ደረቱን ነፋ።

«የወይራዋስ የታለች?» አለው።

«እሷማ ገና መስቀል ሳይደርስ ተሰነጠቀች። ይኸው በአባቴ አሮጌ ስሠራ ከረምኩ» አለና ወገቧ በክር የተጠመጠመች መወርወሪያ አሳየው። ከዚያ፣ ክፋት ሳያስብ፣ «አንተስ በዚች ምን ሠራህባት?» ብሎ ጠየቀው።

ሸማኔው መወርወሪያዋን ከእጁ ተቀብሎ ኪሱ ከተታት።

እንግዲህ ዘርይሁን፣ ሸማኔው አንተ ነህ። ፈትሉ ቀርጸህ አምጥተህ ጥግ ያስቀመጥከው የሰው ሠርግ ነው። መወርወሪያዋ ያቺ ካርድህ ናት። ከግድግዳው ማዶ ያለውን ስሙን ልጥራልህ? ከመንገዱ ባሻገር ስቱዲዮ የከፈተው ሲራክ ነው። ስትጠይቀኝ ስሙን አራት ጊዜ ጠራኸው፤ የሙሽሮቹን አንዴም አልጠራህም። በምን እንደሚሠራስ ገብተህ አይተሃል?

ሱቅ ያለው ካርድ ሥራህን አይጨርስልህም ወይ ብዬ ስጠይቅህ «ይጨርሳል፣ ግን...» አልከኝ። ያቺ «ግን» ሲራክ ናት። ለሥራህ ከሆነ ሱቅ ያለው ይበቃሃል፤ ዛሬውኑ ግዛው። ሲራክን ለማንገብገብ ከሆነ የምትጠብቀው፣ የትኛውም ቢመጣ አይበቃህም።

ደግሞም ትናንት አንተ ሳትኖር የሙሽራዋ እናት መጥታ ነበር። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ጊዜዋ ነው።